በውክልና የቆመች

ቅዳሜ ቅዳሜ ኤልዳና ቶሎሳ በርበሬ አትቀምስም። ቡናም፣ ነጭ ሽንኩርትም፣ ሎሚም አትቀምስም፤ በእርሷ ሆድ ውስጥ የሚያቃጥለው በሌላ ሰው ሆድ ውስጥም ያቃጥላልና። በማለዳ ተነሥታ የተቀቀለ ድንች በጨው ትበላለች፤ ለብ ያለ ውኃ ትጠጣለች፤ ጥፍሯን ትቆረጣለች፤ የጫማዋን ማሰሪያ አስራ ትፈታና እንደ ገና አጥብቃ ታስራለች። ጥርሷን ባመማት ቀን ወደ ሥራ መግባት ክልክል ነው። ከሰው የተጣላች እንደ ሆነም ክልክል ነው፤ ቁጣዋ እስኪበርድ ድረስ አንድ ሌሊት ማደር አለበት ይላል ደንቡ። ብቻዋን የምትኖር ስለ ሆነች የምትጣላው ሰው አላጋጠማትም። ይህም በአለቆቿ ዘንድ እንደ መልካም ጠባይ ሲቆጠርላት ኖሯል።

ከቁርስ በኋላ የሚሰማትን ሁሉ ወደ ሌላ ሰው ገላ የሚያስተላልፈውን ሰደርያ ትለብሳለች። ሰደርያው ዐመድማ፣ ስስ፣ ከገላ ጋር የሚጣበቅ ነው፤ ከአንገት አጥንት ተነሥቶ ወገብ ላይ ያበቃል። ጉልበትን አይሸፍንም። የጉልበት ሕመም ግን መንገድ አያጣም፤ በወገብ በኩል ዞሮ ይደርሳል። ስለዚህ ኤልዳና ቀኝ ጉልበቷን በጨርቅ ጠፍራ ታስራለች። ያን ጊዜ ሕመሙ የጉልበት መሆኑ ይቀርና የጨርቅ ይመስላል።

ሥራዋ መቆም ነው። በአዳማ ዳርቻ፣ የነፋስ ማማዎቹ ከሚሽከረከሩበት ጋራ ሥር፣ የሙዚቃ ሜዳ አለ። በዚያ ሜዳ በሕዝብ መካከል ስለ ጋሽ አቤኔዘር ትቆማለች። ጋሽ አቤኔዘር ጡረታ የወጡ የማተሚያ ቤት አራሚ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሌሎች ሰዎች የሳቱትን ፊደል ሲያቃኑ የኖሩ ሽማግሌ።

ራሱ መጥቶ በሜዳው የሚቆም ሰው ከጠፋ ሰንብቷል። ሰው የሕዝብን ግፊያ ይናፍቃል፤ መገፋቱን ግን አይሻም። እንዲህ ያለውን ችግር ውክልና ይፈታዋል። በቀድሞ ዘመን ሰው ቤት ለመሸጥና በፍርድ ቤት ለመሟገት ውክልና ይሰጥ ነበር። ቆይቶ ወረፋ ለመጠበቅ ሰጠ፤ ከዚያ ለቅሶ ለመድረስ፤ ከዚያም ለመደሰት። ዛሬ ሜዳውን የሚሞሉት ሁሉ ወኪሎች ናቸው። ወካዮቻቸው በየቤታቸው ተንጋለው የከበሮውን ምት በደረታቸው፣ የሕዝቡን ሙቀት በጀርባቸው ይቀበላሉ። መድረክ ላይ ያለውም ቢሆን ከሞተ አርባ ዓመት ስላለፈው ዘፋኝ የሚዘፍን ወኪል ነው። ውክልና በሞት ይቀራል የሚለው ሕግ ዘፋኞችን እንዳይመለከት ሆኖ ተሻሽሏል።

ወኪል ሥራ ሲጀምር ቀኝ እጁን አንሥቶ የሚምለው መሐላ አጭር ነው፤ «በሜዳው እስካለሁ ድረስ ስለ ራሴ አልሰማም።» ኤልዳና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህን መሐላ ለመጠበቅ ብዙ ታግላለች። አሁን አያታግላትም። ደስታ ሥራ ሲሆን እንደ ማንኛውም ሥራ ወገብ ላይ ይቀመጣል።

የዚያ ቅዳሜ ነገር ግን ከሌላው ቅዳሜ የተለየ ነበር። የጋሽ አቤኔዘር ልብ ከእንግዲህ የሕዝብ ግፊያ እንደማይችል ሐኪሞቻቸው ስለ ወሰኑ፣ ከወኪላቸው ጋር የሚያገናኛቸው መስመር ከዝግጅቱ ፍጻሜ በኋላ ሊዘጋ ነው። መስመሩ የሚዘጋበት ወካይ አንድ የስንብት ቃል እንዲሰጥ ይፈቀድለታል፤ ወኪሉም የሚቻል እንደ ሆነ ይፈጽምለታል። ጋሽ አቤኔዘር ከሁለት ዓመት በፊት ምላሳቸው በሕመም ተሳስሯል። ስለዚህ ቃላቸውን የተቀበለው የውክልና ጽሕፈት ቤቱ መሣሪያ ነው። መሣሪያው የተኮላተፈ ንግግር አቃንቶ ይጽፋል፤ ያልጠራውን ቃል በጠራው፣ ያልተለመደውን በተለመደው ይተካል። ኤልዳና አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ በእጇ አንጓ ላይ ከታሰረው ትንሽ ሰሌዳ አነበበችው።

«በመጨረሻው ዘፈን ሰው ከኋላዬ ቆሞ ይደግፈኝ።»

ምስኪን፣ አለች በልቧ። ከዐሥር ዓመት በላይ ስለ እኚህ ሰው ዘልላለች፣ ተገፍታለች፣ በሰው ክርን ጎድኗ ተደልቋል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ነገር ጠይቀዋት አያውቁም። ይህችን አንዲት ነገር ጎደሎ ሳታደርግ ልትፈጽምላቸው ቆረጠች። ካሰበች በኋላም ያሰበችው ነገር አደከማት።

በአካል ያየቻቸው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ውክልናው ሲፈረም። ከዚያ ወዲያ ወካይና ወኪል እንዳይገናኙ ደንቡ ያዛል። አንድ እግራቸው ከልጅነት ጀምሮ ቀጭን ኖሮ በምርኩዝ መጡ። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ብድግ ብሎ ክንዳቸውን ሊይዝ ቢል በምርኩዛቸው ጫፍ ገታ አደረጉትና ራሳቸው ሄደው ተቀመጡ። ወኪል የወካዩን ትዝታ ማወቅ ይገባዋል ተብሎ ስለ ወጣትነታቸው እንዲነግሯት ተጠየቁ። አንድ ዝናባማ ማታ፣ በከተማው አደባባይ በሕዝብ መካከል ቆመው ሳሉ መብራት እንደ ጠፋና ዘፋኙ ያለ ድምፅ ማጉያ መዝፈኑን እንደ ቀጠለ አወሩላት። ታሪኩ ከዚያም ይቀጥል ነበር። ኤልዳና ግን በዚያ ቀን ከሌላ ሥራ ነበር የመጣችው፤ ደክሟት ስለ ነበር የሰማችው በግማሽ ጆሮ ነው።

በሜዳው በር ላይ ወኪሎች እንደምን ዋልሽ አይባባሉም።

«ስለ ማን?» አለቻት ሐሴት። ሐሴት ከጎኗ የምትቆም፣ በዕድሜ ልጇ ልትሆን የምትችል ቀጭን ሴት ናት።

«ስለ ጋሽ አቤኔዘር።»

«ዛሬም? እኔ ከአንድ ሰው ጋር ይህን ያህል ብቆይ አገባው ነበር።»

«አንቺስ ስለ ማን?»

«ስለ አንድ ዳኛ። ባለፈው ቅዳሜ ስለ አንዲት ሙሽራ ነበርኩ። ልጅቱ ገና በሁለተኛው ዘፈን እንቅልፍ ወስዷት ኖሮ እስከ ማታ በከንቱ ዘለልኩላት። ዳኛው ደግሞ አይተኛም፤ አይደሰትምም። ዝም ብሎ ይመረምረኛል።»

«እንዳይፈርድብሽ።»

«ይግባኝ አዘጋጅቻለሁ።» ሐሴት ጎንበስ ብላ የታሰረውን ጉልበት አየችው። «ያንቺ ጉልበት ግን እትዬ፣ ከማዶ ይሰማል። እንደ አሮጌ በር ነው የሚንቋረረው።»

«ይንቋረር። እስከ ተከፈተና እስከ ተዘጋ ድረስ በር ነው።»

«የሽማግሌው መስመርስ? ዛሬ ነው የሚዘጋው አሉኝ።»

«ዛሬ ነው።»

ሐሴት ቀልዷን ተወች። «ከዚያ ወዲያ ስለ ማን ትቆሚያለሽ?»

«እንጃ። ቁጭ እላለሁ።»

ይህን ስትል ብርቱካናማ ጋዋን የለበሰ ረጅም ሰው መጥቶ ከፊቷ ቆመ። ትከሻው ሰፊ ነው፤ ነገር ግን ጣሪያው ዝቅ ባለ ቤት ለብዙ ዘመን እንደ ኖረ ሰው ጎብጧል። ዐይኖቹ ደም ለብሰዋል። ፊቷን ከማየቱ በፊት ጉልበቷን አየ።

«ወይዘሮ ኤልዳና እርስዎ ነዎት? ኪሩቤል እባላለሁ። በመጨረሻው ዘፈን ከኋላዎ እንድቆም ታዝዣለሁ።»

«ስለ ማን ነህ?» አለችው ሐሴት።

«ስለ ማንም አይደለሁም። ደጋፊ ነኝ።»

«መታደል ነው። በዚህ ሜዳ ስለ ማንም ያልሆነ ሰው አየሁ።»

«መቆሙንስ ከእናንተ እኩል እቆማለሁ፤ የሚደሰትበት ሰው ነው የሌለኝ።»

ደጋፊ የሚለው ቃል በቀድሞ ዘመን ለኳስ ቡድን ወይም ለዘፋኝ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ የሚጮኽ ሰው ማለት ነበር። አሁን በወኪሎች መካከል እየተዘዋወረ የሚዝለፈለፈውን በብብቱ ይዞ የሚያቆም ሠራተኛ ማለት ነው። ወኪል የሜዳውን ወለል በጉልበቱ የነካ እንደ ሆነ መስመሩ በዚያው ቅጽበት ይቋረጣልና፣ የደጋፊዎች ዐይን ከጉልበት አይነሣም።

«የቀኙ ነው?» አላት ኪሩቤል።

«የቀኙ ነው።»

«አይዞዎት፤ አልጥልዎትም። እኔ ሰው ጥዬ አላውቅም።»

«አንተስ የደከመህ ትመስላለህ።»

«እኔ?» አለ። ጥያቄው ለእርሱ የቀረበ መሆኑን ለማረጋገጥ ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ሄደ።

በዘጠኝ ሰዓት ሙዚቃው ተጀመረ። ነፋሱ በዚያ ቀን ከጋራው በኩል ይነፍስ ነበርና የዘፋኙ ድምፅ አንድ ጊዜ ጆሮ ውስጥ ይገባል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ከከተማው ወዲያ ወዳለው ሐይቅ ይወሰዳል። የከበሮው ምት ግን በነፋስ አይወሰድም፤ ከመሬት ተነሥቶ በጫማ ሶል ገብቶ የጎድን አጥንትን ይነቀንቃል። ኤልዳና መድረኩን አታይም። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ያየችው ማጅራት ነው። ወፍራም ማጅራት፣ የተላጨ ማጅራት፣ ላብ በመካከሉ እንደ ቦይ የሚወርድበት ማጅራት። ወካዮች ማጅራት አይጠሉም። ሕዝብ ማለት እርሱ ነው ይላሉ።

ወኪሎች በክንድ ርቀት ተራርቀው ይቆማሉ። ግፊያ የሚፈቀደው በአራተኛው ዘፈን፣ ልቅሶ በሰባተኛው፣ ዝላይ ከስምንተኛው እስከ ዐሥረኛው ነው። በአራተኛው ዘፈን ሁሉም ባንድነት ወደ ፊት ተገፋ፤ የሰው ክርን ጎድኗ ላይ አረፈ፤ የማታውቃት ሴት ጸጉር አፏ ውስጥ ገባ። ከኋላዋ የቆመ ወኪል በትሕትና «ይቅርታ» እያለ ገፋት። «ምንም አይደለም፣ ትንሽ ጨምር» አለችው። በሰባተኛው አለቀሱ። ሐሴት ከጎኗ ዕንባዋን እየጠረገች «ዳኛው አሁንም ዝም ብሏል» ብላ አንሾካሾከች። ከስምንተኛው ጀምሮ ዘለሉ። በእያንዳንዱ ዝላይ የኤልዳና ጉልበት ውስጥ የተበጠሰ ነገር እንደ ገና ይበጠሳል።

ወካይ ቤቱ ሆኖ በእጁ ያለውን ቁልፍ በአውራ ጣቱ ሲጫን ወኪሉ በግራ የአንገት አጥንቱ ላይ ንክታ ይሰማዋል። አንድ ንክታ «ጨምሪ» ማለት ነው፤ ሁለት ንክታ «ተዪው» ማለት ነው። ሌሎች ወካዮች ወኪላቸውን እንደ በር ሲያንኳኩ ይውላሉ። ጋሽ አቤኔዘር ግን በዓመት አንድ ጊዜ ቢነኩ ነው። በዚያ ቀንም እስከ ዝላዩ ፍጻሜ ድረስ አልነኳትም።

ፀሐይ ወደ ማማዎቹ ጫፍ ስትወርድ የመጨረሻው ዘፈን ተጀመረ። ዝግ ያለ፣ በክራር የሚጀምር ዘፈን ነው። ብርቱካናማው ጋዋን በዐይኗ ጥግ ብቅ አለ። ወዲያው ሁለት ትልልቅ መዳፎች በብብቷ ሥር ገብተው ከፍ አደረጓት።

ክብደቷ ከጉልበቷ ላይ ተነሣ። እንዲህ ያለ ዕረፍት ከመቼ ወዲህ አግኝታ እንደማታውቅ ለማስታወስ ሞከረች፤ አልቻለችም። የሚደግፋት ሰው እንደ ግድግዳ ጽኑ ነበር። ጋሽ አቤኔዘር ይህን መመኘታቸው አልገረማትም። ዐይኗን ጨፈነች።

ሁለት ንክታ።

ሳይታወቃቸው የተጫኑት መሰላት። የሽማግሌ ጣት ይንቀጠቀጣል። ዐይኗን መልሳ ጨፈነች።

ሁለት ንክታ። አሁን ያማል። ለጥቂት ጊዜ ፋታ ሰጧትና ደግሞ ሁለት ንክታ፣ ጠንክሮ፤ ክንዳቸውን ሊይዝ የመጣውን ሠራተኛ በምርኩዝ ጫፍ እንደ ገቱት ያለ ንክታ።

ያ ምርኩዝ ትዝ አላት። ምርኩዙን ተከትሎም ያን ቀን በግማሽ ጆሮ የሰማችው ታሪክ ሌላው ግማሽ መጣ። መብራቱ ጠፍቶ ሕዝቡ በጨለማ ውስጥ ቆሞ ሳለ፣ አንዲት የማያውቋት ልጅ ከኋላቸው ጭንቅላቷን ጀርባቸው ላይ ጥላ ነበር። በዚያ ቀጭን እግር ላይ በቆመ ጀርባ ላይ፤ በጨለማ ግን እግሩን ማን ያይ ነበር? ደክሟት ኖሮ መላ ክብደቷን ለቀቀችባቸው። ይወድቁ እንደ ሆነ ፈርተው ነበር፤ አልወደቁም። ትነቃለች ብለው አልዞሩም። መብራቱ ሲመጣ ሄዳለች። «ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰው ሁሉ ይደግፈኛል» ነበር ያሏት ሽማግሌው፣ ምርኩዛቸውን በጣታቸው እየመቱ፤ «የተደገፈኝ ሰው ግን እርሷ ብቻ ናት።» ኤልዳና በዚያ ቀን ይህን የአራሚ የቃላት ጨዋታ አድርጋ ወስዳው ነበር።

ይደግፈኝ አላሉም። ይደገፈኝ ነው ያሉት። መሣሪያው በተሳሰረ ምላስ የተባለውን ሰምቶ፣ እንዲህ ያለ ሽማግሌ ሊመኝ የሚችለውን መርምሮ፣ አንዲቱን ፊደል ለውጦ ጻፈው።

«ልቀቀኝ» አለችው ኪሩቤልን።

«ይወድቃሉ እኮ።»

«እጅህን አንሣና አንተ ተደገፈኝ።»

«ምን አሉ?»

«ጀርባዬ ላይ። ጭንቅላትህን ጣልብኝ።»

ኪሩቤል መዳፉን ሳይለቅ ጎንበስ ብሎ ፊቷን አየ። የሚዝለፈለፉ ሰዎች ይቀባዥራሉ፤ ይህን ያውቃል። «እትዬ፣ እኔ ደጋፊ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ተሳስተው ነው የላኩህ። ሽማግሌው የፈለጉት የሚደገፋቸው ሰው ነው።»

«በዚህ ጉልበትዎ? እኔ እኮ ከባድ ነኝ።»

«እርሱን ነው የፈለጉት።»

«ቢወድቁስ?»

«ያን ጊዜ ደግፈኝ።»

ኪሩቤል ግራና ቀኙን አየ። ሌሎቹ ደጋፊዎች ከሩቅ በሌላ ሰው ጉልበት ላይ አፍጥጠዋል። መዳፎቹን ቀስ ብሎ ከብብቷ አወጣ። ክብደቷ ወደ ጉልበቷ ሲመለስ ጥርሷን ነከሰች። ከዚያ በጀርባዋ ላይ፣ ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደሚሳለም ሰው ግንባሩን ብቻ አስነካ።

አንድ ንክታ። ጨምሪ።

«ተደገፍ አልኩህ እኮ፤ ማን ተሳለም አለህ» አለችው።

የሳቀ መሰላት፤ ትንፋሹ በሰደርያው ላይ ሞቀ። ከዚያ ጉንጩ መጣ፤ ከጉንጩ በኋላ ደረቱ። ዕድሜውን ሰው ሲያነሣ የኖረ ሰው ራሱን መጣል እንደማያውቅ ያን ጊዜ ተረዳች፤ ጥቂት ይጥላል፣ ደንግጦ ይመልሳል፣ ደግሞ ይጥላል። በዘፈኑ አጋማሽ ላይ ግን የሆነ ነገር በውስጡ ተፈታ። መላ ክብደቱ እንደ እህል ጆንያ ወረደባት።

ቀኝ ጉልበቷ ተንቋረረ። እግሯን ዘርጋ አድርጋ፣ ወገቧን ሰብራ ተቀበለችው። ጉልበቷ ወለሉን ቢነካ መስመሩ ይቋረጣል፤ ጋሽ አቤኔዘርም የመጨረሻ ቀናቸውን በተቋረጠ ዘፈን ይጨርሳሉ። ርቀት ከሚቆጣጠረው መሣሪያ፣ ከወለሉ ውስጥ፣ አንድ ለስላሳ ድምፅ «ወኪል ኤልዳና፣ ርቀት ይጠበቅ» አለ። ጥቂት ቆይቶ ደገመ። ሐሴት ዞር ብላ አየች። ከዚያ ድምፁ ከሚወጣበት ሥፍራ ላይ ሄዳ በሁለት እግሯ ቆመችበት።

ከኋላዋ አተነፋፈሱ ረዘመ። ኪሩቤል ቆሞ እንቅልፍ ወስዶታል።

ዘፈኑ አለቀ። በደንቡ መሠረት የሜዳው ሕዝብ ባንድ ድምፅ «ይደገም» ብሎ ጮኸ። ይህ ጩኸት በየቅዳሜው ይጮኻል፤ ዘፋኙም በየቅዳሜው የተለመነ መስሎ ይመለሳል። ኤልዳና በዚህ ሥራ ላይ ሳለች «ይደገም» ስትል በልቧ «ይብቃ» ያላለችበት ቀን የለም። አሁን ጭኗ ይንቀጠቀጣል፤ ላቧ ከዐይኗ ገብቶ ያቃጥላል። የጋሽ አቤኔዘርን ንክታ ጠበቀች። ሁለት ቢሆን ማንም አይፈርድባትም።

አንድ ሆነ። የፈዘዘ፣ ጣት የነካው ሳይሆን ጣት ያረፈበት የሚመስል።

«ይደገም» አለች፤ ኪሩቤል እንዳይነቃ በዝግታ።

ዘፈኑ እንደ ገና ከክራሩ ጀመረ። ማጅራቶቹን እያየች ቆመች። በሌላው ቅዳሜ ሁሉ ከጎድኗ በታች ያለው ሕመም የማን እንደ ሆነ ታውቀው ነበር። አሁን ክብደቱ የሚያርፈው በእርሷ ጀርባ ላይ ነው፤ የሚሸከመው ደግሞ በከተማው ውስጥ አንድ አልጋ ላይ የተኛ ቀጭን እግር ያለው ሰው ነው። የማን እግር እንደሚንቀጠቀጥ መለየት አቃታት። ስለ ራሴ አልሰማም ብላ የማለችው ትዝ አላት፤ ትዝታውም ከድካሟ ጋር አብሮ አለፈ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ሰደርያው ቀዘቀዘ። መስመሩ ተዘግቷል። አልወደቀችም።

ኪሩቤል ብንን ብሎ ወደ ኋላ ተንገዳገደና አፉን በእጅጌው ጠረገ። «ይቅር ይበሉኝ እትዬ። ምን ያህል ተኛሁ?»

«ዘፈን ከነድጋሚው።»

«ማን አየኝ?»

«ደጋፊ ተኝቶ ወኪል ስትደግፈው ያየሁት እኔ ነኝ» አለች ሐሴት። «ዳኛውም አይቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ነካኝ፤ አንድ ንክታ።»

ኪሩቤል ጋዋኑን አስተካከለ። ከዚያ ኤልዳና መሬት ላይ ቁጭ ስትል ሊይዛት እጁን ዘረጋ። እርሷ ግን ተቀምጣ ነበር። በእጇ አንጓ ላይ ሰኞ ጽሕፈት ቤት ቀርባ እንድታስረዳ የሚያዝ ጥሪ በራ። እጅጌዋን ጎትታ ሸፈነችው።

እሑድ ጠዋት ቁርሷን በበርበሬ በላች። ውክልናው ስላበቃ ወካይና ወኪል እንዳይገናኙ የሚያዘው ደንብም አብቅቷል። እያነከሰች ሄዳ የጋሽ አቤኔዘርን በር አንኳኳች። የከፈተችላት ልጃቸው ማራናታ ናት።

«እትዬ ኤልዳና ነሽ? ግቢ፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ በሩን እያየ ነው። ምን አድርገሽው ነው? ከሰውነቱ እኮ ላብ እንደ ውኃ ወርዶ ነበር። ሐኪም ልጥራ ስለው በዐይኑ ገሠጸኝ።»

ጋሽ አቤኔዘር መስኮቱ ሥር፣ ሰፊ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ምርኩዛቸው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ድምፃቸውን የሰማችው ከዚያ ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ አሁን ነው። ቃሎቹ በአፋቸው ውስጥ እንደ ጠጠር ይንከባለላሉ። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሰጠቻቸው።

ቃላቸው እንዴት እንደ ተጻፈ ሊያዩ ፈልገው ኖሯል። እጇን ዘርግታ አሳየቻቸው። ዐይናቸውን አጥብበው ካነበቡ በኋላ በአፍንጫቸው ተነፈሱ፤ የሳቁ መሆናቸውን ያወቀችው ትከሻቸው ሲነቀነቅ ነው። ጥፍራቸውን አምጥተው «ግ» በምትለዋ ፊደል ላይ፣ እንደ አራሚነታቸው ዘመን፣ አንድ ጊዜ ጫሩባት።

«ከባድ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

«ከባድ ነበር ጋሼ።»

«ዞረሽ አየሽ?»

ብርቱካናማውን ጋዋን፣ ደም የለበሱትን ዐይኖች፣ ስሙን ሳይቀር ታውቃለች።

«አልዞርኩም» አለች።

ዐይናቸውን ጨፈኑ። «ጎሽ» አሉ። ከዚያ ደግሞ አንድ ቃል ጨመሩ። ቃሉ በተሳሰረው ምላስ ላይ ተሰባብሮ ወጣ። ደግፊኝ ያሉ መሰላት፤ ወዲያው ደግሞ ተደገፊኝ ያሉ መሰላት። የተለመደውን መርጦ የሚነግራት መሣሪያ በአጠገቧ የለም። መልሳ አልጠየቀቻቸውም። ሌላ ወንበር ጎትታ ከጎናቸው አስጠጋችና ተቀመጠች፤ ትከሻዋን ከትከሻቸው አገናኘች። ቀኝ ጉልበቷን ዘረጋች። አንደኛው ወንበር ሲጢጥ አለ።

ማራናታ አንድ ትራስ በብብቷ ይዛ ከበሩ ብቅ አለች።

«ትራሱ ለማንኛችሁ ይሁን?» አለች።